ከበዓታቸው አታውርዷቸው

አገራችን ስትመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ትላለች፤ ስትረግም ደግሞ «ቀባሪ ያሳጣህ»። በዚህ ምርቃትና በዚህ እርግማን መካከል ያደግን ሰዎች፣ አንድ አረጋዊ በጫካ ወይም በዋሻ ብቻቸውን አርጅተው ብቻቸውን ሞቱ የሚል ወሬ ስንሰማ ፍርዳችን ከወሬው ይፈጥናል። ወይ አእምሯቸው ተነክቷል፣ ወይ ልጆቻቸው ጥለዋቸዋል እንላለን። ሦስተኛ መልስ ሊኖር እንደሚችል አይታየንም። እኔ የምሟገተው ለዚያ ለማይታየን መልስ ነው። አእምሯቸው ሙሉ የሆነ፣ የሚወዳቸው ዘመድ ያላቸው፣ ልውረድ ቢሉ መውረጃ የማያጡ ሰው፣ የቀረ ዕድሜያቸውን ከሰው ርቀው ሊኖሩና እዚያው ሊሞቱ ይመርጣሉ። እንዲህ ያለውን ምርጫ የመናቅም ሆነ በግድ የመሻር መብት የለንም።

ነገሩን በባዶ ሐሳብ እንዳንጨቃጨቅበት በስም የሚታወቁ አንዲት ሴት ላንሳ። አጋፊያ ሊኮቫ በ1944 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሳይቤሪያ፣ በሳያን ተራሮች ጫካ ውስጥ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ፓትርያርክ ኒኮን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሩሲያን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሲለውጡ አንቀበልም ብለው ከተለዩት ምእመናን ወገን ነው። እነዚህ ሰዎች በሁለት ጣት እንደ ማማተብ ያለውን የአባቶቻቸውን ሥርዓት ላለመተው ከትውልድ ትውልድ ሲሰደዱ ኖረዋል። በ1936 የቦልሼቪክ ታጣቂዎች የአባታቸውን የካርፕ ሊኮቭን ወንድም ተኩሰው ሲገድሉ፣ ካርፕ ሚስታቸውን አኩሊናንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ጫካ ገቡ። ሁለቱ ታናናሾች የተወለዱት እዚያው ነው። በ1961 ረኃብ በጸና ጊዜ እናትየዋ የራሳቸውን ድርሻ ለልጆቻቸው እየሰጡ በረኃብ ሞቱ። በ1978 በሄሊኮፕተር የሚዞሩ የማዕድን ፈላጊዎች በተራራው ወገብ ላይ የታረሰ መሬት አይተው እስኪደርሱባቸው ድረስ ቤተሰቡ ከ40 ዓመት በላይ ከሰው ተለይቶ ኖሯል። ከቅርቡ መንደር እንኳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር።

በ1981 ሦስቱ ወንድምና እኅቶቻቸው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተከታትለው አለፉ። በ1988 አባታቸው ዐረፉ። አጋፊያ አባታቸውን በማዕድን ፈላጊዎቹ እርዳታ ቀብረው ብቻቸውን ቀሩ። ያን ጊዜ ዘመድም እንግዳም እንዲወርዱ መከራቸው፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ።

«ሌላ ኑሮ ያላየ ሰው ምን ምርጫ አለው?» የሚል ተከራካሪ እዚህ ላይ ይነሣ ይሆናል። አጋፊያ ግን አይተዋል። መንግሥት ከተማ ለከተማ ወስዶ አሳይቷቸዋል፤ በመንደር የሚኖሩ ዘመዶቻቸውን ሄደው ጠይቀዋል፤ በ1990 አካባቢ ደግሞ በሃይማኖት ወገኖቻቸው የሴቶች ገዳም ገብተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ተመልሰዋል። የዓለም አየሩም ውሃውም እንደማይስማማቸው ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ ፍየላቸውን እያለቡ፣ ድንቻቸውን እየተከሉ፣ ጸሎታቸውን እያደረሱ 80 ዓመት ደፍነዋል። የሁለቱንም ኑሮ ጣዕም ቀምሶ አንዱን የያዘ ሰው አልመረጠም ከተባለ፣ ከእኛ መካከል መርጦ የኖረ ማን ሊገኝ ነው?

አብደዋል የሚለው ፍርድ መመዘኛው ምንድን ነው? መመዘኛው ከብዙ ሰው መለየት ብቻ ከሆነ፣ ከእግዚአብሔር ሌላ ምስክር ያልነበራቸውን አባቶች ሁሉ እብድ ማለታችን ነው። አጋፊያ ወቅቱን ጠብቀው ይዘራሉ፣ ለክረምት እንጨት ይቆልላሉ፣ በዓላቱንና አጽዋማቱን ቀን ሳያዛንፉ ይጠብቃሉ። ነገ የሚያስፈልገውን ዛሬ የሚያሰናዳ ሰው አእምሮው የት ላይ ነው የጎደለው?

ሌላም ምሳሌ አለ። ዲክ ፕረነኪ የሚባሉት አሜሪካዊ በ1968፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አላስካ ውስጥ መንታ ሐይቆች በሚባል ቦታ በእጅ መሣሪያ ብቻ የግንድ ጎጆ ሠርተው ገቡ። 30 ዓመት ያህል በዚያ ብርድ ከኖሩ በኋላ በ1999፣ በ82 ዓመታቸው፣ ጉልበታቸው መድከሙን አይተው ካሊፎርኒያ ወዳለው ወንድማቸው ሄዱ፤ በ2003 እዚያ ዐረፉ። አጋፊያ ሲቆዩ እሳቸው ወጡ። ሁለቱንም ያገናኘው የውሳኔው ባለቤት ራሳቸው መሆናቸው ነው። ማንም አባብሎ አላቆያቸውም፣ ማንም ጎትቶ አላስወጣቸውም።

ጎትቶ ማስወጣት ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ከሰርዲኒያ አጠገብ ያለችውን የቡዴሊን ደሴት እንመልከት። ማውሮ ሞራንዲ የተባሉ ጣልያናዊ ከ1989 ጀምሮ ደሴቲቱን እየጠበቁ፣ የባሕር ዳርቻዋን እያጸዱ፣ ለሚመጣው ጎብኚ ስለ ተፈጥሮዋ እያስተማሩ ብቻቸውን ከ30 ዓመት በላይ ኖሩባት። ደሴቲቱ በብሔራዊ ፓርክ ሥር ከዋለች በኋላ አስተዳደሩ ቦታውን ለአካባቢ ትምህርት እፈልገዋለሁ አለ፤ በ2021 ሽማግሌው ለቀው ከተማ ውስጥ ወዳለ ጠባብ አፓርታማ ገቡ። ጸጥታ ለምደው ጫጫታው እንደከበዳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። በጥር 2025 በ85 ዓመታቸው ሞቱ። ተፈጥሮን ላስተምር ያለ መሥሪያ ቤት ሲያስተምር የኖረውን ሰው ማንሣቱ ትርፉ ምን ነበር? አዳንንዎት የሚሉት ነገር ለሽማግሌው ምን ጨመረላቸው?

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ምርጫ እንደ ባዕድ ነገር ማየታችን ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ከማንም ይልቅ የምናውቀው ነበርና። አፄ ካሌብ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው ከአክሱም አጠገብ ካለው ከአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኑ እየተባለ ሲተረክ ልባችን ይሞላል። የዋልድባ መነኮሳት እህል ትተው ቋርፍ እየበሉ በቆላው ውስጥ ያረጃሉ፤ ስማቸው ሲነሣ እንማጸናለን። አንድ ሰው ሲመነኩስ ለዓለም ሞቷል ተብሎ በሕይወት ሳለ የፍትሐት ጸሎት ይደረስለታል። በየገጠሩ ልጆቻቸውን ድረው፣ ከብታቸውን አከፋፍለው፣ ቆብ ደፍተው ከገዳም ጥግ የሚገቡ እናቶችና አባቶች ዛሬም አሉ። በወሎ ለጸሎት ከሰው ተለይተው ኸልዋ የገቡ ሼኾችን ደጅ ረግጦ ዱዓ የሚቀበል ሕዝብ አለ። ራቅ ብለን ካየን ደግሞ የሕንዶች ጥንታዊ የማኑ ሕግ፣ አባወራ ቆዳው ሲሸበሸብ፣ ጠጉሩ ሲሸብትና የልጅ ልጁን ሲያይ ወደ ጫካ ይሂድ ይላል። እርጅና ከጓዳ ወደ ምድረ በዳ የሚወጣበት ዘመን ነው የሚለው ሐሳብ የሰው ልጅ አሮጌ ሐሳብ ነው። እንግዳው ነገር የዛሬው ነው፦ ሽማግሌ ሁሉ በግድግዳና በመድኃኒት ተከቦ መሞት አለበት የሚለው።

ታዲያ የሥዕሉን ባሕታዊ ተሳልመን ወደ ቤት ስንመለስ ለምንድን ነው የገዛ አባታችንን ከቆላው ማሳቸው ነቅለን ኮንዶሚኒየም የምናስገባቸው? «የእነዚያ ለጽድቅ ነው» ይባላል። እሺ፤ የሃይማኖቱ ምክንያት ከሁሉ ይበልጣል እንበል። ነገር ግን ያረሱትን ገደል፣ የተከሉትን ወይራ፣ ሚስታቸውን የቀበሩበትን ደብር ትተው መሄድ የማይሆንላቸው ሰውስ? ያደጉበት ተራራ ነፍሳቸውን ያሳረፈላቸው ሰውስ? ፍቅራቸው ከመነኩሴው ያነሰ ነው ብሎ የሚፈርድ ዳኛ ማን ሾመ?

እውነቱን እንነጋገርና፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቀን የእሳቸው ደኅንነት አይደለም። የሚያስጨንቀን ለቅሶ ላይ የሚወራው ነው። «ልጅ ወልደው ብቻቸውን ሞቱ» የሚለው የእድርተኛው ሹክሹክታ ነው ሌሊት የሚያባንነን። እናታችንን ከገጠር አንሥተን ከተማ ስናስገባ ለራሳችን ስም ጠበቃ እያቆምን ነው፤ እሳቸው ደግሞ የጥብቅናውን ዋጋ በቀረ ዕድሜያቸው ይከፍላሉ። ይህን ፍቅር ብሎ መጥራት ፍቅርን መበደል ነው።

ደግሞስ ያ የምንፈራው አስፈሪ ሞት የሚገኘው በምድረ በዳ ነውን? በጃፓን በ2024 የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ ከ37 ሺህ በላይ ሰዎች በገዛ ቤታቸው ብቻቸውን ሞተው መገኘታቸውን የአገሪቱ ፖሊስ አስታውቋል። ከአራቱ ሦስቱ ያህል 65 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፉ ናቸው። ወደ 4 ሺህ የሚጠጉት የተገኙት ከሞቱ አንድ ወር ካለፋቸው በኋላ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሞቱት ሚሊዮኖች በሚርመሰመሱበት ከተማ፣ ከጎረቤት በአንድ ግድግዳ ተለይተው ነው። የሰው ብዛት ብቻውን አጠገባችን የሚቀመጥ ሰው አይሰጠንም።

በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ነርሲንግ ሆም የሚሉትን ቤት ከውስጥ ያውቁታል። አረጋዊው ከአልጋቸው ሊነሡ ሲሞክሩ የሚጮኸውን ደወል ያውቁታል። በሰዓት የሚቀርበውን ምግብ፣ በሰዓት የሚጠፋውን መብራት፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» እያለ የሚለምነውን ድምፅ ያውቁታል። ይህን እያወቁ ግን ብዙዎች እናታቸውን «እዚህ ሕክምና አለ» ብለው ከአገር ያመጣሉ። ልጆች በሁለት ሥራ ሲሮጡ፣ የልጅ ልጆች በማይሰሙት ቋንቋ ሲያወሩ፣ እናት ከፎቁ መስኮት ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ደም ግፊታቸው በየወሩ ይለካል። አገራቸው መመለስ እንደሚፈልጉ ግን ስንት ጊዜ ተናግረው ስንት ጊዜ «እሺ፣ በኋላ» ተብለዋል? ሐኪሙ አቱል ጋዋንዴ በ2014 ባሳተመው «ቢይንግ ሞርታል» በተባለ መጽሐፉ የተከራከረው ይህንኑ ነው፤ ለአረጋውያን የሠራነው አብዛኛው ቤት ከአደጋ መጠበቅን አስቀድሞ፣ ሕይወትን ለባለቤቱ ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ረስቷል። ሰውን ከመውደቅ አድነነው ከመኖር ካገድነው፣ ያተረፍነው አጥንቱን ብቻ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚነሡ ከባድ ክርክሮች አሉ፤ አልሸሻቸውም። የመጀመሪያው ይህ ራስን ማጥፋት ነው የሚለው ነው። በየጸደዩ ድንች የሚተክል ሰው ግን ሞትን እየፈለገ አይደለም። መኖርን በመረጠበት ቦታ እየኖረ፣ ሞት ሲመጣ እዚያው እንዲያገኘው ፈቅዷል፤ ይኸው ነው። በ1981 ከሊኮቭ ልጆች አንዱ፣ ዲሚትሪ፣ በሳንባ ምች ሲታመም ማዕድን ፈላጊዎቹ በሄሊኮፕተር ሆስፒታል እናድርስህ ቢሉት እምቢ ብሎ ሞተ። ይህን ሰምቶ ልቡ የማይሰበር የለም። ይሁንና አእምሮው ሙሉ የሆነ ሰው ሕክምናን እምቢ የማለት መብቱ በብዙ አገሮች ሕግ በከተማ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ የተከበረ ነው። አልጋው ጫካ ውስጥ ስለሆነ መብቱ አይቀርም። አጋፊያም ቢሆኑ ሕክምናን ሁሉ የሚጠሉ አይደሉም፤ በጥር 2016 እግራቸው ሲጠናባቸው በሄሊኮፕተር ወደ ታሽታጎል ሆስፒታል ሄደው ታክመዋል፤ ሲሻላቸው ግን ወደ ጎጇቸው ተመልሰዋል። እርዳታን መቀበልና ቦታን መልቀቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የዘነጋነው እሳቸው ሳይሆኑ እናውቃለን የምንለው እኛ ነን።

ሁለተኛው ክርክር የሌላው ሰው ድካም ነው። ሄሊኮፕተሩን ማን ይከፍላል? እውነት ነው፣ አጋፊያ ያለ ሰው እጅ አልኖሩም። የሚኖሩበት ጥብቅ ደን ጠባቂዎች ይጎበኟቸዋል፤ በጎ ፈቃደኞች ሣር ያጭዱላቸዋል፣ እንጨት ይፈልጡላቸዋል፤ አዲሱን ቤታቸውን ያሠራላቸው አንድ ባለ ሀብት ነው። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ከእኛ መካከል ያለ ሰው እጅ የሚያረጅ ማን ነው? የከተማው ሽማግሌም አስታማሚ፣ ሐኪም፣ መድኃኒት ይፈልጋሉ። እነዚህ ሁሉ ወጪ ናቸው፤ ግን ማንም «ለምን ኖሩ?» አይላቸውም። እርግጥ ምድረ በዳን የመረጠም ሰው ግዴታ አለበት። እርዳታው ሊዘገይ፣ ከነአካቴውም ላይደርስ እንደሚችል አውቆ መቀበል አለበት፤ ሌላውን በማዕበልና በገደል ሕይወቱን እንዲያስይዝለት ሊጠይቅ አይገባም። ከዚህ በላይ ዕዳ የለበትም።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቼ ጋር አብሬ እቆማለሁ። ምርጫ የሚለው ቃል ለጨካኝ መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ጧሪ ያጡ እናት በፈረሰ ጎጆ ውስጥ ብቻቸውን ሲሞቱ፣ «እሳቸው ፈልገው ነው» የሚል ወራሽ አይጠፋም። በመርሳት በሽታ የተያዙ አባት ወደ በረሃ ሲያቀኑ፣ የሚስቱ ኀዘን የሰበረው ሰው «ማንም አይምጣብኝ» ሲል፣ ይህ ምርጫ አይደለም፤ ፈጥነን ልንደርስላቸው የሚገባ ሕመም ነው። ስለዚህ መለያው ግልጽ መሆን አለበት። ሰውየው አእምሯቸው በጠራበት ጊዜ፣ አንዴ ሳይሆን ደጋግመው ተጠይቀው ተናግረዋልን? ሌላውን ኑሮ ያውቁታልን? ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ሳያፍሩ የሚገቡበት ቤት አለን? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እናምጣቸው። ሦስቱም ከተሟሉ ግን እጃችንን እንሰብስብ።

እጅን መሰብሰብ ማለት እግርን መሰብሰብ ማለት አይደለም። ምናኔን ለዓለም ያስተማሩት አባ እንጦንስ እንኳ ብቻቸውን አልተጣሉም። ገድላቸውን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ እንደሚነግረን፣ በእርጅናቸው ምክንያት ሁለት መነኮሳት ለ15 ዓመት አብረዋቸው እየኖሩ አገልግለዋቸዋል። በ356 በ105 ዓመታቸው ሲያርፉም የቀበሯቸው እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ መቃብራቸውን ለማንም እንዳይናገሩ አዝዘዋቸው ነበርና ትእዛዙን ጠበቁ። እነዚያ ደቀ መዛሙርት አባታቸውን ወደ እስክንድርያ አላወረዱም፤ አልተዉአቸውምም። አጋፊያም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ዬሮፌይ ሴዶቭ የተባሉ አንድ እግራቸውን በሕመም ያጡ የቀድሞ የማዕድን ቁፋሮ ሠራተኛ በ1997 መጥተው ከጎጇቸው በታች ሰፈሩ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 2015 ድረስም ጎረቤት ሆነው ኖሩ። አጋፊያ ራሳቸው ስንቅ ይዘውላቸው ይሄዱ ነበር። ከሰው የራቁት ሴት ጧሪ ሆኑ ማለት ነው። ብቻ መኖር ከሰው መጣላት አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ የእኛ ግዴታ መጎብኘት ነው። ስንቅ ማድረስ፣ ጣሪያ መጠገን፣ ስልክ የሚሠራ ከሆነ ስልክ መስጠት፣ ከንስሐ አባታቸውና ከቅርቡ ጎረቤት ጋር ተነጋግሮ በየጊዜው የሚያያቸው ሰው መመደብ ነው። ሄደን ስናገኛቸውም በየጉብኝቱ «አሁንስ አይበቃዎትም?» እያልን አለማድከም ነው። የሚቀብራቸው አይጠፋም፤ የቀብራቸው ቀን ጥቂት ቢዘገይ ነፍሳቸው አትጎድልም። የጎደለ ኑሮ ግን በደመቀ ለቅሶ አይካስም።

ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ጠይቋቸው፤ ሲደክማችሁ የት መሆን ትፈልጋላችሁ በሏቸው። መልሱን ወንድምና እኅቶቻችሁ ባሉበት ስሙት፣ ጻፉት፣ የንስሐ አባታቸው ወይም የሚያከብሩት ሽማግሌ ምስክር ይሁን። መልሳቸው ልጆቼ መካከል ልሁን ከሆነ አልጋቸውን ከአልጋችሁ አስቀድማችሁ አንጥፉ። መልሳቸው እዚሁ ተዉኝ ከሆነም ያን ቃል እንደ ኑዛዜ ጠብቁት፤ መንገዱ ቢከብድም እየሄዳችሁ ጠይቋቸው። ጎረቤት ምን ይላል የሚለውን ሸክም ደግሞ ራሳችሁ ተሸከሙት። እሳቸው የራሳቸውን ሸክም ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመዋል፤ የእናንተን ስም ሊያስጠብቁ የመጨረሻ ዓመታቸውን የመክፈል ዕዳ የለባቸውም።